የእርዳታ እህል ያለ አድልዎ እንዲደርስ፦ ለወሎ የቀበሌ ኮሚቴዎችና ለቅሬ (ለእድር) ዳኞች

በአንድ ጎጥ እህል ያለ አግባብ ሲደለደል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከኮሚቴው ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። ክፉ ናቸው፣ ለዘመድ ያደላሉ ይባላል። የሚያደሉም አሉ። ግን ደህና ሰዎች የተቀመጡበት ኮሚቴም ሸክላ ሠሪዋን፣ ሁለተኛዋን ሚስት፣ መሬቷን የእኩል የሰጠችውን ባልቴት ከዝርዝር ሲያስቀር እናያለን። ሦስት ነገሮች ቀድመው ስላልተወሰኑ ነው፦ ቤተሰብ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ችግር በምን እንደሚለካ፣ እህሉ በምን እንደሚሰፈር። እነዚህ ስም ከመጠራቱ በፊት ቁርጥ ተደርገው ይወሰኑ። ስም ከተጠራ በኋላ መስፈርት ማውጣት መስፈርቱን በሰውየው ልክ መስፋት ነው።

የሚከተለው ለሴፍቲኔት (ምግብ ለሚጎድላቸው የገጠር ቤተሰቦች ለተዘረጋው ቋሚ የድጋፍ ፕሮግራም) ምልመላም ለድንገተኛ እርዳታም ይሠራል። መዝገባቸው ቢለያይም የሚሳሳቱበት ቦታ አንድ ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ጉዳይ አቅልሎ ማየት አይቻልም። በ1965 እና በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ እንደነበር ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ጽፏል። ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር፤ ገጠሩ ግን የሚገዛበት አጣ። ረሃቡም ሁሉን እኩል አልመታም። አዋሽ ዳር ያለ የግጦሽ መሬታቸውን የጥጥ እርሻ የወሰደባቸው የአፋር አርብቶ አደሮች፣ ጭሰኞች፣ በሰው ቤት ያደሩ አገልጋዮች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ክፉኛ ተጎዱ። የእጅ ባለሙያው ነገር ግልጽ ነው፤ ገበሬው ሲራብ ጋቢ አያሠራም፣ ማሰሮም አይገዛም። ዛሬም ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ የሚረሱት ከእነዚሁ ወገን ናቸው።

ደንቡ ምን ይላል

የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የተቀመጠው መነሻ ይህ ነው፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት፣ ወይም በድንገት ጥሪቱን ያጣ፣ ወይም ጧሪ ቀባሪ የሌለው ቤተሰብ ይመረጣል። ምልመላውን የሚሠራው የማህበረሰቡ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተለጥፎ ይቆያል፣ ከዚያ ነው ወደ ወረዳ የሚሄደው። ቅሬታ የሚሰማው ከመልማዮቹ የተለየ የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። መመሪያው በየምዕራፉ ስለሚታደስ የአሁኑን ቅጂ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ያዙ፤ “እንዲህ ይላል” ብሎ በቃል የሚናገር ሰው በበዛ ቁጥር ደንቡ እየተለወጠ ይሄዳል።

ከዚያም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 አለ። በዘር፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በሀብት ወይም በትውልድ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ግብር ያልከፈለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት፣ ስብሰባ የቀረ፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር የተጣላ የሚል መስፈርት ደግሞ በመመሪያውም በሕጉም የለም። ዕዳ በዕዳነቱ ይጠየቃል፤ በልጆች ቀለብ አይካካስም።

ምድጃ ቁጠሩ

ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ሁሉ ነው። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። የግብር መዝገብ ላይ ያለው የአባወራ ስም ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሁለት ሚስት ያለው ሰው በመዝገብ አንድ ቤት ነው፤ ሁለተኛዋ ከነልጆቿ ሌላ ጎጥ ላይ ለብቻዋ የምትጋግር ከሆነ ግን ሁለት ቤት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ብትጽፉ እህሉ ባልየው ወዳደረበት ቤት ይገባል። በተቃራኒው ድርሻ ለመጨመር ሲባል ብቻ በወረቀት ጎጆ የወጣ፣ ማታ ግን እናቱ ቤት የሚበላ ጎረምሳ አለ፤ እሱ ቤት አይደለም። ለማጣራት ከኮሚቴው ሁለት ሰው በማለዳ ይዙር፣ ጭስ የሚወጣበትን ይቁጠር። በወሬ ከሚሰበሰበው መረጃ ይህ ይታመናል።

ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወይም ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች የቀበሌው መታወቂያ የላቸውም ተብለው ይዘለላሉ። የተፈናቃይ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖራቸውን አጣሩ፤ እዚያ ከሌሉ እናንተ ዘንድ ይመዝገቡ። አንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲገፋቸው በሁለቱም ሳይኖሩ ዓመት የሚያልፍባቸው አሉ።

የጎደለውን ወር አስሉ

“ድሃ ነው፣ አይደለም” የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ ወር ግን ይቆጠራል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያዙ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት 9 ኩንታል ይፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ሁለት ጎረቤታሞች ውሰዱ። ሁለቱም ግማሽ ሄክታር፣ ሁለቱም አምስት ነፍስ፣ የሁለቱም ማሳ 8 ኩንታል ማሽላ ሰጠ። አንደኛው በሬ አለው፣ ራሱ ያርሳል። ለዘርና ለትንሽ ወጪ 50 ኪሎ ቢቀነስ 750 ኪሎ ይቀረዋል፤ ለ75 ሲካፈል አሥር ወር ነው። ሁለት ወር ይጎድለዋል። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት ናት፤ በሬ የላትም፣ መሬቷን የእኩል ሰጥታለች። 8 ኩንታሉ ሲካፈል የሷ 4 ነው። ጎረቤቷ ለጨው፣ ለግብርና ለደብተር ፍየል ይሸጣል፤ እሷ ግን የምትሸጠው እህሉኑ ነው። ከዘር ጋር 100 ኪሎ ቢወጣ 300 ይቀራታል፤ አራት ወር። ስምንት ወር ይጎድላታል። በመሬት መዝገብ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ስብሰባ “እሷ መሬቷን አከራይታ ቁጭ ብላ ትበላለች” ይባላል።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሄክታር አለህ የሚል አይሁን። እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ማሳው ስንት ሰጠ? ማን አረሰው፣ ምን ያህሉስ ለአራሹ ሄደ? ለዘር ስንት ተቀመጠ? በእህል የሚከፈል ብድር ነበር? ስንት ተሸጠ፣ ለምን? አሁን ጎተራው ውስጥ ምን አለ? የመጨረሻው ላይ ገብቶ ማየት ይሻላል። መልሱን በኪሎ ጻፉ። ሰው በጣሳና በቁና ሊነግራችሁ ይችላል፤ የሱን ጣሳ አስመጡና አንድ ጊዜ መዝኑት፣ ከቤት ቤት ይለያያልና።

የቆጠራው ወርም ይታሰብበት። ቆላውና ወይና ደጋው በመኸር ስለሚኖር ጭንቁ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ ዋድላና መሰሎቻቸው ደጋው ላይ ግን በበልግ ገብስ የሚኖር ብዙ ሰው አለ፤ በልግ ከቀረ ሰኔ ላይ ይገባል የተባለው እህል የለም፣ ክፍተቱም እስከ መኸር ይረዝማል። ደጋና ቆላ አንድ ላይ ባለበት ቀበሌ ምልመላው በጥር ብቻ ከተሠራ የበልጉ ሰው ችግር ገና ስላልታየ ከዝርዝር ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለበልግ ጎጦች በግንቦት መጨረሻ ዳግመኛ እዩ።

መሬት የሌለው ሰው ሂሳብ

እዚህ ላይ ነው ትልቁ በደል የሚሠራው። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ ከድሮ ጀምሮ መሬት አጥሯቸው፣ በስም ተገፍተው የኖሩ ናቸው። ስብሰባ ላይ “ቡዳ” የሚለውን ቃል ዛሬ የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ በምትኩ “እነሱ በየገበያው ብር ይይዛሉ” ይባላል። ይህን አባባል በሂሳብ መልሱት።

አንዲት ሸክላ ሠሪ በወር ስንት ማሰሮ፣ ጀበናና ምጣድ እንደሠራች ጠይቁ። ከዚያ ሲተኮስ የተሰነጠቀውን፣ በአህያ ሲጓዝ የተሰበረውን፣ የማገዶውንና የአህያውን ዋጋ ቀንሱ። የቀረውን ብር በዚያ ሳምንት የማሽላ ዋጋ አካፍሉት፤ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ ታያላችሁ። አሥራ ሁለቱንም ወር ለየብቻ አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው በወጉ አይደርቅም፣ ማገዶው እርጥብ ነው፣ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ገቢዋ የሚቆመው እህል በሚወደድበት ወር ነው። የጥቅምቱን ገበያ አይቶ “ደህና ነች” ያለ ኮሚቴ ክረምቱን አልቆጠረም። የቀጥቃጩ ደግሞ በተቃራኒው ከእርሻ ወራት በፊት ማረሻና ዶማ ሲጠገን ይበዛል፤ ክፍያውን በእህል ከመኸር በኋላ የሚቀበል ከሆነም ሰብል በጠፋበት ዓመት ያልተከፈለውን ጠይቁ።

አረብ አገር ልጅ ያላትን እናት “ይላክላታል” ብሎ ማስወጣትም የተለመደ ነው። ጥያቄው መላክ አለመላኩ ነው፦ ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ፣ ስንት ብር፣ ከዚያ ውስጥ ለደላላ ዕዳ የሄደው ስንት? ልጅቷ ከሄደች በኋላ ለጉዞዋ የተበደሩትን የሚከፍሉ ቤቶች አሉ።

ማን ይቀመጥ፣ መቼ ይሰብሰብ

ከየጎጡ ቢያንስ አንድ ወንድ አንዲት ሴት ይኑሩበት። ከዚያ ሌላ ለእጅ ባለሙያዎች፣ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች፣ በጎጡ ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነው ሃይማኖት ተከታይ አንዳንድ መቀመጫ አስቀድሞ ይያዝ። ሰውየውን የሚመርጡት የራሱ ወገኖች ናቸው፤ ሊቀ መንበሩ “ጥሩ ሰው” ብሎ የሚያመጣው ተወካይ አፉን አይከፍትም። ሁለት ወንድማማች ወይም አማትና አማች አብረው አይቀመጡ። የአባል ዘመድ ስም ሲነሳ አባሉ ይውጣ፣ መውጣቱም ይጻፍ።

ቃሉ፣ ወረባቦ፣ ባቲና አርጎባ አካባቢ ስብሰባው በአንድ ቋንቋ ብቻ ከተካሄደ ግማሹ ሰው ስሙ ሲነበብ እንኳ በትክክል አይሰማም። ስም የሚያነበው ሰው አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚችል ይሁን።

ቀኑን በተመለከተ፦ የዓርብ ቀትር፣ የእሑድ ጠዋት፣ የገበያ ቀን አይሆንም። ባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ሰኞ የተጠራ ስብሰባ ላይ ሸክላ ሠሪዎቹም ከብት ነጋዴዎቹም አይገኙም። ሴቶች ውኃ ቀድተው፣ ጋግረው እስኪጨርሱ ድረስ መጠበቅም ያስፈልጋል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት የተጀመረ ስብሰባ የወንዶች ስብሰባ ነው።

በካርድ መደርደር

ከየጎጡ አካባቢውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ምረጡ፤ ዝምድና የሌላቸው፣ አንዷ ሴት፣ ቢቻል አንዱ የቅሬ ጸሐፊ ይሁን። ቅሬው ማን ወርሃዊውን መክፈል እንዳቃተው ያውቃል። የእያንዳንዱን ቤት ስም በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉ። ሦስቱ ሰዎች ለየብቻቸው፣ ሳይሰማሙና ሳይተያዩ፣ ካርዶቹን በአራት ክምር ይደርድሩ፦ 1 ሀብታም፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ድሃ፣ 4 የድሃ ድሃ። ማንበብ ለማይችል ስሙን ጥሩለትና ካርዱን የት እንደሚያኖር ይጠቁም።

የሦስቱን ቁጥር ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። 4፣ 4፣ 3 ያገኘ ቤት 3.7 ነው፤ አያከራክርም። 4፣ 2፣ 4 ያገኘ ቤት ግን አማካዩ 3.3 ቢሆንም አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም ማለት ነው። በሁለት ወይም በበለጠ ነጥብ የተለያዩበት ቤት ሁሉ ይጎበኝ፣ የወር ሂሳቡም ይሠራ። እንዲህ የሚደረገው ጊዜ ለመቆጠብ ነው፤ ለሁሉም ቤት ሙሉ ሂሳብ መሥራት አድካሚ ነው፣ ሰልችቶት የሚሠራ ኮሚቴ ደግሞ የፈለሰፈውን ቁጥር ይጽፋል።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። ጎጡ 80 ቤት ሆኖ 20ው የሸክላ ሠሪ ቤት ቢሆን ሩብ ናቸው። ከተመረጡት 32 ቤቶች ውስጥ ሩቡ 8 ነው። ዝርዝሩ ላይ 2 ብቻ ካሉ ቆም በሉ፤ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ምክንያት ካልተገኘ ሥራው ይደገም። ያው ፈተና በሴት ለሚመሩ ቤቶችና ለኮሚቴው ዘመዶች ይሠራ፤ ለዘመዶቹ ግን የሚፈተሸው ከልክ በላይ መብዛታቸው ነው። ይህ ኮታ አይደለም፤ የት መፈተሽ እንዳለባችሁ ይጠቁማል።

ማንበብ፣ መለጠፍ፣ አቤቱታ

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብቻ የተለጠፈ ዝርዝር አልተለጠፈም። መስጊድ ከጁምዓ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ፣ ወፍጮ ቤትና ውኃ መቅጃው ላይ ይነበብ። ስሙና የቤተሰቡ ቁጥር ይነበባል፤ ምክንያቱ ግን አይነበብም። የሰው ሕመምና ችግር በአደባባይ የሚነበብ ከሆነ በጣም የተቸገረው ሰው ራሱን ያወጣል።

አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ስድብ ስለሚሆን ነው። “ኮሚቴው ዘረኛ ነው” የሚል ወረቀት የሚመልሰው የለም። ይህን መልክ ተጠቀሙ፦

“ለ… ቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ። እኔ … በ… ጎጥ ነዋሪ ነኝ። ቤቴ ውስጥ … ሰው አለ። ባለፈው መኸር ድርሻዬ … ኪሎ ሲሆን ለ… ወር በልተናል፤ … ወር ጎድሎናል። በ… ቀን በተነበበው ዝርዝር ስሜ የለም፤ የተነገረኝ ምክንያት … ነው። ከእኔ ጋር ተመሳሳይ ይዞታና የቤተሰብ ቁጥር ያላቸው … ቤቶች ተመርጠዋል። ቤቴ ተጎብኝቶ ሂሳቡ እንዲሠራልኝና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ቀን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ።”

በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ተቀባዩ በቅጂያችሁ ላይ ቀንና ፊርማ ያኑር። አልቀበልም ካለ ሁለት ምስክር ይዛችሁ እምቢታውን ጻፉ። መልስ ከጠፋ ወደ ወረዳው፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። አበጋሮችን (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎችን) ማማከርም ያግዛል፣ በተለይ ጠቡ ከእህል አልፎ ወደ ወገን ሲሻገር። ግን ሽምግልና የጽሑፉን ቅሬታ አያስቀርም፤ “ታረቁ” ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ ላይ ሴትየዋ እህሉን ሳታገኝ ትቀራለች።

የእደላው ቀን

ለድንገተኛ እርዳታ የተለመደው የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ አንድ ከረጢት ለሦስት ሰው ይተርፋል፣ ለአራት አይበቃም፤ ጣሳ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ጣሳን አስወጡት። አሥር ነፍስ የሚሞሉ ቤቶችን አንድ ላይ መድቡ፦ 150 ኪሎ፣ ልክ 3 ከረጢት። የአራት፣ የአምስትና የአንድ ነፍስ ቤት አንድ ቡድን ይሆናል። ክኩ ለ100 ሰው ልክ 3 ከረጢት ነው። ባለ 4 ሊትሩ የዘይት ጣሳ ለ8 ሰው ይበቃል።

በቡድኑ ውስጥ ሲካፈሉ በሚዛን ይሁን። አንድ መስፈሪያ ገብስና አንድ መስፈሪያ ስንዴ ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ ስንዴው ይከብዳል። ሰፋሪው ነቅንቆ ሲቆልልና ሳይነቀንቅ ሲሰፍርም ልዩነቱ ብዙ ነው። ሚዛኑን ጠዋት በሰው ፊት ፈትሹት፦ አሥር ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እስከ ሁለት ሊትሩ ልክ ውኃ ሞልታችሁ በቀላል ማዳበሪያ ከረጢት ስቀሉ። ከ20 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከ20 በታች ካነበበ ሚዛኑ ያሳንሳል፤ ከ21 ካለፈ ተቀባዩን ይጎዳል። በየሁለት ሰዓቱ ይደገም።

“ለሁሉም እናዳርስ” የሚለው የወሎ ሰው ደግነት ነው፤ ተቀባዩ ቤቱ ወስዶ ማካፈሉም የራሱ ጉዳይ ነው። እደላው ቦታ ላይ በኮሚቴ ትእዛዝ ሲሆን ግን የ15 ኪሎው ድርሻ 7 ይሆንና የስምንት ወር ክፍተት ያለባት ሴት ሁለት ወር ከሚጎድለው ጋር እኩል ታገኛለች። በቂ ካልመጣ ከዝርዝሩ ጫፍ፣ ክፍተታቸው ካነሰው ቤቶች ጀምሮ ይቀነስ። ለመንገድ፣ ለስፖርት፣ ለማኅበር ተብሎ ከረጢቱ አጠገብ የሚሰበሰብ መዋጮም አይኑር፤ በፈቃድ ነው ቢባልም በዚያ ሰዓት እምቢ የሚል የለም።

በሰኔ 2015 የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከተረጂ ውጭ እየሄደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እደላ አቁመው፣ ወደ ሥራ የተመለሱት በ2016 መጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በዚያ መሐል የተራበው ምንም ያላጠፋው ነው። ሰነድ በደንብ የያዘ ቀበሌ እንዲህ ዓይነት ማጣራት ሲመጣ የሚያሳየው አለው፦ የገባ ከረጢት፣ የተከፈተ ከረጢት፣ የተሰጠ ኪሎ፣ የተረፈ፣ የፈሰሰውና ተጠርጎ የተመዘነው፣ ሁሉም በአንድ ገጽ።

አህያ የሌላት አሮጊት ለማጓጓዣ ከእህሏ ትሸጣለች። ቅሬው ተሸካሚ ይመድብ፣ ወይም የምትወክለው ሰው ስም ከእደላው ቀን በፊት በመዝገብ ይግባ፤ በዕለቱ “ልኬዋለሁ ብላለች” ብሎ ለመጣ አይሰጥ። ሁለተኛ ሚስቶች በራሳቸው ስም ይፈርሙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአቤቱታ ሰሚው ሁለት ሰው አሥር ቤት በዕጣ መርጠው ይጠይቁ፦ ስንት ኪሎ ይዘሽ ገባሽ? መንገድ ላይ ወይም እደላው ቦታ የተቀነሰ ነበር? ማን ቀነሰው? መልሱን ከእደላው መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከአሥሩ በሁለቱ ላይ እንኳ ከ1 ኪሎ በላይ ልዩነት ከታየ የዚያ ቡድን ቤቶች በሙሉ ይጠየቁ፣ የቀጣዩ ወር እደላም በሌላ መዛኝ ይሠራ።